የእማ አዲስ እግር የት ገባ?

ሀያት ከአባቷ ጋር ወደ አንድ ሰፊ ግቢ ገባች። የአባቷን ጣት ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

ይህ ግቢ ማገገሚያ ነው። የታመሙና የተጎዱ ሰዎች እንደገና መቀመጥን፣ መቆምን፣ መራመድን የሚለማመዱበት ቦታ ነው።

የሀያት እናት ዘቢባ ያለችው እዚህ ነው። ክረምት ላይ መኪና ገጭቷት ነበር።

ቀኝ እግሯ በጣም ስለተጎዳ፣ ሐኪሞቹ ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ዘቢባ ዳነች፤ የተቆረጠው እግር ግን ተመልሶ አይበቅልም።

አሁን አዲስ እግር ተሠርቶላታል። ከፕላስቲክና ከብረት የተሠራ፣ በቀበቶ የሚታሰር፣ ጫማም የሚያደርግ እግር ነው።

«እማ!» ብላ ሀያት ሮጠች። እናቷ እቅፍ አድርጋ ጉንጯን ሳመቻት፤ ግንባሯን ሳመቻት፤ አፍንጫዋንም ሳመቻት።

«እማ፣ ዛሬ ወደ ቤት እንሂድ?» አለች ሀያት። በመጣች ቁጥር የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

«ገና ነው፣ ሀያቴ» አለች እናቷ። «ቤታችን ደረጃ አለው አይደል? መጀመሪያ ደረጃ መውጣት መቻል አለብኝ።»

ከዚያ ሲስተር አስካለ መጣች። ሰዎችን መራመድ የምታለማምደው እሷ ናት።

«እህ ዘቢባ፣ እንጀምር?» አለች። ዘቢባ አዲሱን እግር አጥልቃ ቀበቶውን አሰረች።

ዘቢባ ሁለት ረጃጅም ብረቶች መሃል ቆመች። አንዱን በቀኝ እጇ፣ አንዱን በግራ እጇ ያዘች።

ኳ! ሸርተት! ኳ! ሸርተት!

አዲሱ እግር «ኳ!» ይላል። የድሮው እግር «ሸርተት!» ይላል።

«ቀስ፣ እማ፣ ቀስ!» አለች ሀያት። አይኗን ከወለሉ ላይ አልነቀለችም።

ኳ! ሸርተት! ኳ! ሸር...

ዷ!

እማ ወደቀች።

ሀያት ጮኸች። አባቷና ሲስተር አስካለ ዘቢባን ደግፈው አነሷት።

የእማ ክርን ተልጧል። አይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ሀያት እንዳታይባት ፊቷን ዞር አደረገች።

ሀያት ግን አየች።

«አይዞሽ» አለች ሲስተር አስካለ። «አሁን ብዪና ትንሽ ተኚ። ከሰዓት በኋላ ደረጃውን እንሞክራለን።»

ደረጃውን! ሀያት የእናቷን የተላጠ ክርን አየች።

ከምሳ በኋላ አባቷ ተነሣ። «መድኃኒት ገዝቼ እመጣለሁ። አንቺ ከእማ አጠገብ ሁኚ» አላትና ወጣ።

እማ አዲሱን እግር አውልቃ ከአልጋው ጎን አቆመችው። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሀያት እግሩን አየችው። እግሩ ነጭ ሸራ ጫማውን አድርጎ ዝም ብሎ ቆሟል።

«እማን የጣልካት አንተ ነህ!» አለችው በሹክሹክታ።

ቁጭ ብላ አሰበች። እግሩ ከሌለ እማ አትቆምም። ካልቆመች ደግሞ አትወድቅም። አባ ተሸክሞ ወደ ቤት ይወስዳታል!

ሀያት እግሩን በሁለት እጇ አቀፈችው። ከባድ ነው።

ቀስ... ቀስ... ቀስ... ብላ ከክፍሉ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ጎማ ያለው ትልቅ ቅርጫት ቆሟል። በቆሸሹ አንሶላዎች ተሞልቷል።

እግሩን አንሶላዎቹ መሃል ከተተችው። ከላይ ሌላ አንሶላ ደረበችበት።

ከዚያ ሮጣ ተመለሰችና ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ልቧ ድው! ድው! ድው! ይላል።

ውጭ የሆነ ነገር ሲጥ! ሲጥ! ሲጥ! እያለ አለፈ። ሀያት ልብ አላለችውም።

እማ ነቃች። እጇን ወደ አልጋው ጎን ሰደደች።

«እግሬስ?» አለች። «ሀያት፣ እግሬ የት ገባ?»

ሀያት ወደ በሩ አየች።

እማ ትራሱን አነሣች። የለም። ብርድ ልብሱን ገለጠች። የለም።

ከአልጋው ስር ልታይ ወደ ታች ጎንበስ አለች። ጎንበስ... ጎንበስ... ከዚያ ተንሸራተተች!

«ኧረ! ኧረ!» እማ የአልጋውን ብረት ለቀም አደረገች። ሀያት ደግሞ ቀሚሷን ይዛ በሙሉ ጉልበቷ ወደ ኋላ ሳበቻት።

እማ ተመልሳ አልጋው ላይ ወጣች። ከወለሉ ለጥቂት ነበር የተረፈችው።

ሀያት በጣም ደነገጠች። እግሩ የለም፤ እማ ግን ልትወድቅ ነበር!

«ሲስተር! ሲስተር!» ብላ እማ ተጣራች። ሲስተር አስካለ እየሮጠች ገባች።

አልጋው ስር ፈለገች። ከበሩ ኋላ ፈለገች። ቁም ሣጥኑንም ከፍታ አየች።

«ምን ጉድ ነው? ማን ይወስደዋል?» አለች ሲስተር አስካለ።

«በልኬ ነው የተሠራልኝ» አለች እማ። «ከጠፋ ሌላ እስኪሠራ ድረስ ወደ ቤት፣ ወደ ልጄ አልመለስም!»

እና እማ አለቀሰች። አሁን ፊቷን አላዞረችም።

ሀያት የእናቷን እንባ አየች።

ስለዚህ ሮጠች። ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ ቅርጫቱ!

ቅርጫቱ የለም።

ሀያት ወደ ቀኝ አየች። የለም። ወደ ግራ አየች። የለም።

ያኔ ትዝ አላት። ሲጥ! ሲጥ! ሲጥ! ያ የቅርጫቱ ጎማ ነበር!

ሀያት በረንዳውን ይዛ ሮጠች። ከግቢው ጥግ ድምፅ ሰማች።

ጉር! ጉር! ጉር!

ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። በመስታወቱ በኩል ነጭ ነገር ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሲዞር ይታያል።

«እትዬ ስንዱ! እትዬ ስንዱ! ያቁሙት!» ብላ ሀያት ጮኸች።

እትዬ ስንዱ የማገገሚያው ልብስ አጣቢ ናቸው። በማሽኑ ጩኸት የተነሣ አልሰሙም።

ሀያት ሽርጣቸውን ጎተተች። «ያቁሙት! የእማ እግር እዚያ ውስጥ ነው!»

«የምን?»

«የእማ እግር!»

እትዬ ስንዱ ቁልፉን ተጫኑ። ጉር... ጉር... ጉ...

ጸጥ።

በሩ ቶሎ አይከፈትም። ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ሀያት ጣቶቿን ትነክሳለች።

ቀጭ! በሩ ተከፈተ። እንፋሎት ቡልቅ አለ።

እትዬ ስንዱ አንሶላ አወጡ። ሌላ አንሶላ አወጡ። የትራስ ልብስ አወጡ። ሌላ አንሶላ...

እግሩ የለም።

«እንግዲህ አልቋል» አሉ እትዬ ስንዱ። «ያልታጠበ የቀረኝ ያ ብቻ ነው።» ግድግዳው ስር ወዳለው የልብስ ክምር አመለከቱ።

ሀያት ክምሩ ላይ ዘላ ወጣች። አንሶላዎቹን ወዲያና ወዲህ ወረወረች።

አንድ ነጭ ሸራ ጫማ ብቅ አለ!

ሀያት እግሩን ከክምሩ መዝዛ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ደረቅ ነው። አልተሰበረም።

«ማን ነው እዚህ የከተተው?» አሉ እትዬ ስንዱ።

ሀያት መሬት መሬት አየች። «እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ሄደሽ ለእናትሽ ንገሪያት» አሉ። «ሩጪ። እየጠበቀችሽ ነው።»

ወደ ክፍሉ የሚወስደው መንገድ በጣም ረዘመ። ሀያት ሮጠች፤ ከዚያ በቀስታ ሄደች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

እማ ቀና ብላ አየቻት። እግሩንም አየችው።

«እኔ ነኝ የደበቅሁት» አለች ሀያት። «እንዳትወድቂብኝ ብዬ ነው።»

እማ እግሩን ከእጇ ተቀብላ ከጎኗ አቆመችው።

«በጣም አስደነገጥሽኝ፣ ሀያት» አለች እማ። «ከእንግዲህ ሳትጠይቂኝ እግሬን አትንኪ። እሺ?»

«እሺ።» ሀያት ማልቀስ ጀመረች።

«ነይ ወደዚህ» አለች እማ፤ ወደ ጎኗም አስጠጋቻት። «መውደቅ እኔም እፈራለሁ። ሁልጊዜ ስቆም ልቤ ድው ድው ይላል።»

«ታዲያ ለምን ትቆሚያለሽ?»

«ከአንቺ ጋር መኖር እፈልጋለሁ እኮ!»

ሀያት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። እማ አዲሱን እግር አጥልቃ ቀበቶውን አጥብቃ አሰረች።

አባም መድኃኒቱን ይዞ መጣ። ሁሉም አብረው ወደ መለማመጃው ደረጃ ሄዱ።

«ሀያቴ፣ አንቺ እላይ ውጪና ጠብቂኝ» አለች እማ። «እጄን ግን አትያዢ። ራሴ መውጣት አለብኝ።»

ሀያት እላይ ወጥታ ቆመች። ከላይ ሲያዩት ደረጃው ገደል ይመስላል።

እማ የደረጃውን መደገፊያ ያዘች። ሲስተር አስካለ ከኋላዋ ቆመች።

ሸርተት! ኳ!

አንድ ደረጃ ወጣች።

«ቀስ፣ እማ፣ ቀስ!»

ሸርተት! ኳ!

የእማ ግንባር በላብ ራሰ።

ሸርተት! ኳ...

እግሩ ሳተ! እማ ወደ ጎን ዘመመች!

አባ እጁን ዘረጋ። ሀያት «ተይው! ውረጂ!» ልትል አፏን ከፈተች።

አላለችም። እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«አትንኩኝ» አለች እማ። መደገፊያውን ጨብጣ ቆመች። ተነፈሰች። ደግማ ተነፈሰች።

ቀና አለች።

«ቀስ፣ እማ፣ ቀስ!» አለች ሀያት። ድምፅዋ በጣም ቀጥኗል።

ሸርተት! ኳ! ሸርተት! ኳ!

እማ እላይ ደረሰች! ከሀያት ፊት ለፊት ቆመች፤ ረጅም ሆና፣ ልክ እንደ ድሮው።

አባ እያጨበጨበ ሳቀ። ሲስተር አስካለ ግን ጣቷን አነሣች። «ገና ነው! መውረድም አለ!»

እማ ወረደች። እንደገና ወጣች፤ እንደገና ወረደች።

በማግስቱም ተለማመደች፤ በሳምንቱም ተለማመደች። አንዳንድ ቀን ወደቀች፤ ብዙ ቀን ግን አልወደቀችም።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እማን የያዘው ባጃጅ ከእነ ሀያት ቤት ስር ቆመ።

እማ የድንጋዩን ደረጃ ቀና ብላ አየች። ጎረቤቶች ሊሸከሟት መጡ።

«ተዉአት» አለች ሀያት። «ራሷ ትወጣለች። እኛ እንጠብቃታለን።»

እማ እየወጣች አረፈች፤ እያረፈች ወጣች። አባ አንድ እርምጃ ከኋላዋ ተከተላት።

ሲመሽ እማ አዲሱን እግር አወለቀችና ከሀያት ጎን ተጋደመች። ሀያት ክንዷ ላይ ተንተራሰች።

አባ ከወዲያኛው አልጋ ማንኮራፋት ጀመረ። ኽርርር... ፑ! ኽርርር... ፑ!

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለች እማ።

«አንቺ ሳትኖሪ ይብስ ነበር» አለች ሀያት።

እማ እየሳቀች ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት። ሀያትም አፍንጫዋን እናቷ አንገት ውስጥ ቀብራ ተኛች።