ለወይዘሮ ባል ፍለጋ

«ነጩን በይው! በሞቴ ነጩን!» አለች ሮሐ፣ የጓደኛዋን የሉሊትን ስልክ ከእጇ ልትነጥቅ ምንም ሳይቀራት።

ስልኩ ላይ የተደረደሩት ዓሦች ናቸው። አዲሱ ገበያ አካባቢ ለጌጥ የሚሆኑ ዓሦች የሚሸጠው ኢዩ በቴሌግራም የላካቸው ናቸው። ሁሉም ክሎውንፊሽ ይባላሉ፤ በመልክ ግን አንዱ ካንዱ አይገናኝም። አንዱ ጥቁር ሆኖ ነጭ መቀነት የታጠቀ ነው። አንዱ ብርቱካናማ ሚጢጢ ነው፤ መቀነቱ ወገቡ ላይ ተበጥሷል። ሌላው ደግሞ ከአፉ እስከ ጭራው ነጭ በነጭ። «እስከ ማታ ወስኚ» ይላል የኢዩ መልእክት፤ «ነጩን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ።»

ቀጨኔ ያለው የሉሊት ቤት ሳሎን ውስጥ የባሕር ውሃ አኳሪየም አለ፤ ውስጡ አንዲት ብርቱካናማ ክሎውንፊሽ ብቻዋን ትንጎራደዳለች። ስሟ ወይዘሮ ነው። ስሙን ያወጣላት የሉሊት አባት ጉታ ነው፤ እጁን ባስገባ ቁጥር ጣቱን ስለምትነክሰው። ክሎውንፊሾች ጥንድ ሲሆኑ ትልቋ ሴት ትሆንና ቤቱን ትገዛለች። አዲስ ገቢው አነስ ብሎ ካልመጣ ጠቡ አይጣል ነው። ነጩ ደግሞ በፎቶው እንደሚታየው ከወይዘሮ እምብዛም አያንስም። ሉሊት ይህን አይታ እንዳላየች አልፋዋለች። ቁንጅና ያልሸወደው ማን አለ?

ጉታ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሲመለስ ከንጹሕ ዳርቻ የባሕር ውሃ በቢጫ ጀሪካን ሞልቶ ለአኳሪየሙ ያመጣል። አሁንም መንገድ ላይ ነው። ከመሄዱ በፊት፣ «እስክመለስ ውሃውን በደንብ ከያዝሽልኝ ለወይዘሮ ባል የምትመርጪው አንቺ ነሽ» ብሏታል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሉሊት ቤቱ ለሙሽራው ጽድት ብሎ ይጠብቀው ብላ፣ ከገንዳው ውሃ ቀንሳ በረንዳ ላይ ካለው ጀሪካን አዲስ ጨመረች።

«እሺ፣ ነጩን» ብላ ልትጽፍ ስትል ሮሐ ወደ መስታወቱ ተጠጋች።

«ይቺ ልጅ ግን ምን ሆናለች?»

ወይዘሮ ጥግ ይዛ ቀስ እያለች ትተነፍሳለች። ሮሐ ጣቷን መስታወቱ ላይ ብታንቀሳቅስም ለጠብ አልመጣችም። ወይዘሮ ጠብ እምቢ ካለች ነገር አለ። ሉሊት የጨው መለኪያውን ነከረች፤ ቁጥሩ ወርዷል። ወደ በረንዳው ሮጣ ከጠዋቱ ጀሪካን የቀረውን ጠብታ ቀመሰች። ጨው የሚባል አልነካውም።

«ወይኔ! ጠበል ነው!»

በረንዳው ላይ ሁለት ዓይነት ውሃ ነበር። በግቢው ጓሮ ባለችው ክፍል የጉታ አክስት እማማ ጽጌረዳ ይኖራሉ። ጉታ ከመሄዱ በፊት እንጦጦ ወስዷቸው ጠበላቸውን በሁለት ጀሪካን ሞልተው ተመልሰዋል። የባሕሩም የጠበሉም ጀሪካን ቢጫ ነው። አባቷ «የባሕሩ ላይ ቀይ ክር እሰሪበት» ብሏት ነበር። እሺ ብላ ነበር። ክሩ ግን አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው።

«ታዲያ የባሕሩ ውሃ የት ሄደ?» አለች ሮሐ።

ሉሊት ክው አለች። ጠዋት ራሷ ተሸክማ፣ «ጠበልዎ ይኸው» ብላ እማማ ጽጌረዳ ክፍል ያስቀመጠችው ጀሪካን ትዝ አላት። እማማ ጽጌረዳ ደግሞ የደም ግፊት አለባቸው። ጳውሎስ ሆስፒታል የሚያዩዋቸው ሐኪም ጨው ከከለከሏቸው ቆይቷል።

«ስሚ፣» አለች ሮሐ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀስ ብለሽ ቀይሪው፣ በቃ። ማን ያውቃል? አባትሽ ከሰማ ነጩ ቀረ ማለት ነው።»

«ጠጥተውት ከሆነስ?»

«ጨው ሲሆንባቸው ይተፉታላ!»

«ጠበል ይተፋል እንዴ?»

ሉሊት በረንዳው ላይ የቀረውን ሁለተኛውን የጠበል ጀሪካን ቀምሳ አረጋገጠችና አንስታ ወደ ጓሮ ዞረች። በሩ ክፍት ነው። እማማ ጽጌረዳ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ይጠርጋሉ።

«ሉሊትዬ፣ ነይማ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «የዛሬው ጠበል ልዩ ነው። ጨው ጨው ይላል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል። እናቴ ስታወራልኝ የኖረችው ኃይለኛ ጠበል ይሄ ነው። ማታም እደግመዋለሁ።»

ይህን ብለው ነጠላቸውን ሊያጣፉ ጀርባቸውን ሰጡ። ሁለቱ ጀሪካኖች ጎን ለጎን ሆነዋል፤ አንዱን ማንሳት፣ አንዱን መተው ብቻ ነው። ሉሊት እጇን ሰደደች። ግን የጠጡትስ? እሱን ማን ይቀይረዋል?

«እማማ፣ ጠበል አይደለም» አለች። «የባሕር ውሃ ነው፤ የዓሣው። ተሳስቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

እማማ ጽጌረዳ ዞረው የጠጡበትን ጣሳ አዩ፣ እሷን አዩ። «የእኔ ጠበልስ?»

«እ... አንዱ ጀሪካን ገንዳው ውስጥ ገባ።»

ሉሊት ቁጣ ጠበቀች። የመጣው ሳቅ ነው። «በስመ አብ! እኔ የዓሣ ውሃ ስጠጣ ዓሣዋ ተጠመቀች በይኛ!» ብለው ሲስቁ ቆዩና ግድግዳውን ያዝ አደረጉ። «እኔም ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ሲይዘኝ፣ ጠበሉ እየሠራ ነው ብዬ...»

ሉሊትና ሮሐ ግራና ቀኝ ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒት ተሰጣቸውና ዐረፍ እንዳሉ ወረደላቸው። ነርሷ፣ «ማታም ቢደግሙት ኖሮ እዚህ አያበቃም ነበር» አለች። ሉሊት ይህን ስትሰማ ዕንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

እማማ ጽጌረዳ በመንገድ ላይ ክንዷን ጨብጠው፣ «ለአባትሽ አልነግርብሽም፤ ምርጫሽንም እንዳታጪ» አሏት።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ እዚያው ጥግ ናት፤ ሆኖም ትንፋሿ ሰከን ብሏል። ደግነቱ የገባው የምንጭ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ቢሆን ክሎሪኑ ይጨርሳት ነበር። ሉሊት ከእማማ ጽጌረዳ ክፍል ከመለሰችው የባሕር ውሃ በጣሳ ቀድታ ጥቂት ጨመረች። ጨው ባንዴ ከፍ ሲልም ዓሣ ይጎዳል፤ እስኪስተካከል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያሉ መታገሥ ነው።

«ይኸው አባትሽ አላወቀ» አለች ሮሐ። «አሁን ለኢዩ ጻፊለት። እየመሸ ነው።»

ሉሊት የነጩን ፎቶ ከፍታ አየችው። ውብ ነው። ያሳሳል። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና መጻፍ ጀመረች፤ «ነጩን ለሰውየው ስጠው። የእኔ ውሃ ገና ነው። መቀነቱ የተበጠሰውን ትንሹን ታቆይልኛለህ?»

ሮሐ በትከሻዋ በኩል አንብባ፣ «አብደሻል?» አለች፤ ቀጥላ ግን ሚጢጢውን አጎላችውና ፈገግ አለች። «እሱም ደስ ይላል እኮ።»

ሉሊት መልእክቱን ላከች። ከዚያ የአባቷን ስም ፈልጋ አወጣች፤ እየነዳ ይሆናል ብላ አልደወለችም። ድምጿን ቀዳች።

«አባዬ፣ ቆም ስትል ደውልልኝ። የምነግርህ ነገር አለ። እማማ ጽጌ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»