ዘይት የጠጣው ሌንስ

ካሜራ ጠጋኙ ተከስተ ካዛንቺስ ባለችው ጠባብ ሱቁ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተደፍቶ የተገኘው እሑድ ሚያዝያ 26 ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። በካሜራ መቆሚያ ብረት ማጅራቱን ተመትቷል። ሐኪሙ ከቀትር ወዲህ ነው የሞተው አለ።

ሰኞ ዕለት ጉዳዩን የተረከበችው ኢንስፔክተር ሰገን ጠረጴዛውን መረመረች። ቤንዚን የነካ ጥጥ አለ፤ ጥጡ ላይ ጥቁር ዘይት። የተጠገነው ዕቃ ግን የለም።

«አይድከሙ፣ ኢንስፔክተር» አላት የሟች ወንድም ሃይለአብ። «ሚስቱን ይያዙ። ባሏ ሞቶ አንድ ጠብታ እንባ ያልወጣት ሴት!»

«የእንባ መለኪያ ካለህ ለጣቢያው አውሰን።»

ነገር ግን ሰፈሩም አለቃዋም ከሃይለአብ ጋር ነበሩ። እስከ ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ካልተገኘ የሟች ሚስት መድኃኒት ትታሰራለች።

መድኃኒት በሩ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«እሑድ ቀትር ላይ የት ነበሩ?» አለቻት ሰገን።

«ቤት። ብቻዬን። የሚመሰክርልኝ የለም።»

«ባለቤትዎ የተለየ የሥራ ልማድ ነበረው?»

«የከፈተውን ዕቃ ሁሉ ውስጡ በመርፌ ቀኑን ይጭርበታል። ሌላ ሰው ነካክቶት ሲመለስ እንዲለየው ነው። ደንበኞቹ አያውቁም።»

ሰገን ወደ ሃይለአብ ዞረች። «ዘይት የገባበት ዕቃ ያመጣ ማን ነው?»

«ልዑልቃል ነዋ፣ የሰርግ ፎቶ አንሺው! የሌንሱ ቀለበት አልዞር ቢለው የስፌት መኪና ዘይት አጠጣው። ተከስተ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅበት ነበር።»

ልዑልቃልን ኡራኤል አካባቢ አንድ ካፌ አገኘችው። ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል።

«ማለቴ፣ ሌንሱን ዓርብ ነው የወሰድኩት። ፐርፌክት ሆኗል። እሑድ ሰርግ ላይ ነበርኩ፣ በቃ፣ አምስት መቶ ሰው ይመስክር።»

«አምስት መቶው ሰው ይብላበት። ፎቶዎቹንና ሌንሱን አምጣ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሌንስ ውስጥ ብርሃን የሚመጥኑ ስስ ብረቶች አሉ» አለች። «ዘይት ከነካቸው ይንቀራፈፋሉ። የብርሃኑን ቀዳዳ በጊዜ ስለማያጠብቡት ብርሃን ከልክ በላይ ይገባል። ይኸው፣ እሑድ ሦስት ሰዓት፣ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ፊቷ ሊጥ መስሏል። የጠዋቱ ፎቶ ሁሉ እንዲሁ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ግን፣ ፀሐዩ ያው ሆኖ፣ የቀሚሷ ጥልፍ ክሩ ይቆጠራል። ዓርብ የተጠገነ ሌንስ እሑድ ጠዋት ታሞ ከምሳ በኋላ ራሱን አዳነ?»

«የካሜራው ሴቲንግ ነው! ማለቴ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት…»

«መሳሳትህንማ አልተጠራጠርኩም። ደምበል ያለ ሌላ ጠጋኝ ሌንሱን ፈታልኝ። ውስጡ በመርፌ 26/8 ተብሎ ተጭሯል። ሚያዝያ 26፤ እዚህ አልነበርኩም ያልክበት እሑድ።»

የልዑልቃል መነጽር ከግንባሩ ላይ ወደቀ። አላነሳውም።

«ዓርብ ሳይጠገን ነው የወሰድኩት፤ እሑድ ከሰርጉ መሃል ሮጬ አመጣሁለት። የጠዋቱን ፎቶ ካሜራዬ ላይ አየው» አለ። «‹ፎቶው መበላሸቱን ለሙሽሮቹ ዛሬውኑ ንገራቸው፣ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ስሜ ሊጠፋ ነው እኮ!»

ሰገን ጫማዋ ሥር የተጣበቀ ነገር እንዳየች ሁሉ አየችው። «የትኛው ስምህ?»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ሃይለአብ ጉሮሮውን ጠረገ። «መድኃኒት፣ እህቴ፣ እኔ እኮ…»

«በሩን ከውጭ ዝጋው» አለችው፤ ዞራም አላየችው።

ሰገን የተፈታውን የሌንስ ቀለበት መብራቱ ሥር አስጠግታ ሰጠቻት። መድኃኒት ቁጥሮቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ስድስትን ሁልጊዜ እንዲህ ያጋድመዋል» አለች።

ድምፅዋ ደህና ነበር። ሰገን ግን ፊቷን ወደ መደርደሪያው መልሳ፣ መድኃኒት ቀለበቱን እስክትመልስላት ድረስ አሮጌዎቹን ካሜራዎች ስትቆጥር ቆየች።