ራስ ዳሽን በገንቦ

ረምላ የጓዳውን በር ገፋ ስታደርግ የኮመጠጠ ወተት ሽታ ፊት ለፊት ተቀበላት። አፍንጫዋን ይዛ ገባች። የጓደኛዋ የአይሻ እናት እትዬ ዘይነባ ዱካ ላይ ተቀምጠው የመናጫውን ገንቦ ወዲያ ወዲህ ይወዘውዛሉ። የገንቦው አንገት ላይ በሻሽ ጥፍር ተደርጎ የታሰረ ስልክ አለ። የአይሻ ስልክ ነው።

«እትዬ ዘይነባ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቅቤው ሲወጣ ይናገራል ብላ አይሻ አሰረችልኝ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ሦስቴ ናጥኩ፣ እስካሁን ትንፍሽ አላለም። እስቲ እይልኝ ልጄ፣ ተበላሽቶ እንዳይሆን።»

ረምላ ጎንበስ ብላ አየችው። ስልኩ ምንም አልሆነም። አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ እርምጃ ይላል፤ ገንቦው በተወዘወዘ ቁጥር ደግሞ ይጨምራል።

ነገሩ የስፖርት አስተማሪያቸው መምህር ሀብተሚካኤል ለእረፍቱ ያመጡት ውድድር ነው። ሆሳዕና ላይ እየተራመዱ ራስ ዳሽንን መውጣት! ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው ይራመዳሉ፤ አፑ እርምጃቸውን እየቆጠረ በካርታው ላይ ከደባርቅ አስነስቶ ወደ ጫፉ ያወጣቸዋል። ቀድመው የሚደርሱት ሁለቱ የስፖርት ጫማ ይሸለማሉ። ረምላ ያንን ጫማ በሕልሟ ሁሉ አይታዋለች። ለዚሁ ስትል በየማለዳው ጎፈር ሜዳ ድረስ ስትመላለስ ተረከዟ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። የቡድን አጋሯ አይሻ ደግሞ «እኔ ማታ ማታ ነው የምራመደው» ስትላት አምናት ነበር።

የሚከተላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሶፎንያስ ጓደኛው አቋርጦበት ለብቻው ቀርቷል፤ ቤቱ ከከተማው ውጭ ስለሆነ ግን ሲሄድ ሲመጣ ውሎ ሊደርስባቸው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ትናንት አይሻ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሶፎንያስ ስልኩን ጋሪ ላይ አስሮ ነው፤ ፈረሱን ሸልሙት!» ብላ ጻፈች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህር ሀብተሚካኤልም እስኪጣራ ድረስ ብለው ስሙን ከዝርዝሩ አወጡት።

አይሻ እያዛጋች ከውስጥ ወጣች። ረምላን ስታይ ትንሽ እንኳ አልደነገጠችም።

«ሼም የለሽም?» አለቻት ረምላ።

«ኧረ በአላህ አታካብጂ! ነገ እኮ ጫፍ ላይ ነን። ጫማው ለእኔ ብቻ ነው እንዴ?»

«ሶፎንያስን ጋሪ ያልሽው ራስሽ ነሽ!»

«እና? ሁሉም ወደ እሱ ካየ እኔን ማን ያየኛል?»

ይህንን ስትል ትስቃለች። ዓይኗን በጨው ታጥባ! ስልኩን ከገንቦው ፈታችና በቀሚሷ ጠረገችው፤ ከዚያ ቅቤ የነካውን ጣቷን ላስ አድርጋ «እዪው፣ አንበሳ የሆነ ቁጥር!» ብላ ለረምላ ዘረጋችላት። ረምላ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ከአንድ ምሳ ዕቃ የበላችው ከዚህች ልጅ ጋር መሆኑ ቀፈፋት።

«ምን አለ? ተናገረ እንዴ?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«አይናገርም፣ እትዬ። አይሻ ዋሽታዎታለች» አለችና ወጥታ ሄደች። አይሻ ከኋላዋ ስሟን እየጠራች ተሳደበች።

መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ግሩፑን ከፈተች። የሚያስጠላውን የትናንቱን መልእክት ፈልጋ አገኘችው። ከሥሩ መጀመሪያ የሳቀችው ደግሞ ማን ሆነች? ራሷ ረምላ። ሦስት በሳቅ የሚያለቅሱ ፊቶች ልካለች። ሶፎንያስን ግን በየማለዳው ጎፈር ሜዳ ላይ፣ ብቻውን፣ በእግሩ ሲመጣ በዓይኗ ታየው ነበር። ጋሪ እንዳልነበረው ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እያወቀች ሳቀች፤ ጫማውን ስለፈለገች። አሁን ከአይሻ ይልቅ የራሷ ነገር አስጠላት።

ሳቋን ልታጠፋው ጣቷን አሳረፈችበት። ማንም ሳያስተውል ይጠፋል። ጥቂት አሰበችና ተወችው፤ ከሥሩ መጻፍ ጀመረች።

«ሶፎንያስ በእግሩ ነው የወጣው። በየቀኑ አየው ነበር። የወተት ገንቦ ላይ ታስሮ የወጣው የአይሻ ስልክ ነው።»

አነበበችው። «የአይሻ» የሚለውን አጠፋችና «የእኛ ቡድን ስልክ ነው» ብላ አስተካከለችው። «እያወቅኩ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ረምላ» ብላ ጨመረችበትና ላከችው።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። አይሻ ናት። ረምላ ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገችና አነሳችው።