የመቀናጆ አምባር

«ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ…»

ድምፁ የመጣው ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዚያ ጫማ ተከተለ። ፈጠን፣ ፈጠን እያለ ሲሚንቶውን የሚመታ የላስቲክ ጫማ።

ወንዳወቅ ወንበሩ ላይ እንደተደገፈ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ። አባቱን ሊያስታምም ላህ ዳር ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ጆሮው ለዚህ እርምጃ ንቁ ሆኗል።

«መጣች! ዘሩ፣ በል ቶሎ ወዲህ በለው!» አሉ አባቱ አቶ ባምላኩ በሹክሹክታ።

በጎን አልጋ የተኙት አቶ ዘሩ ከክንዳቸው ላይ ጥቁር አምባር ፈተው አቀበሏቸው። አቶ ባምላኩም አጠለቁት። ነርሷ ትሕትና በሩን ገፍታ ስትገባ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጣራ ጣራውን እያዩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ባምላኩ ጭናቸውን በሬ ወግቷቸው ከጅጋ ገጠር መጥተው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። አምባሩም የታሰረው ለእሳቸው ነው። የልብ ምትን፣ ትንፋሽንና ሙቀትን እየለካ፣ ቁስል ደምን ሊመርዝ ሲጀምር ሰው ገና ሳያውቀው በነርሶቹ ስልክ ላይ ይጮኻል። አምባሮቹ ጥቂት ስለሆኑ፣ እሾህ መዳፋቸውን አሳብጦባቸው ከቡሬ ለመጡት ለአቶ ዘሩ አልደረሳቸውም።

«ለኔማ ማን ያስርልኛል!» ብለው ነበር አቶ ዘሩ ዕለቱን፣ አንጀት በሚበላ ድምፅ።

አቶ ባምላኩ ደግሞ አንድ በሬ ያለው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር ተቀናጅቶ በሚያርስበት አገር ያደጉ ሰው ናቸው። አምባሩ የሚፈውስ መስሏቸዋል፤ ብቻቸውን መፈወስ ነውር ሆነባቸው።

«ምን ገዶን! መቀናጆ እንሆናለን። ቀን ላንተ፣ ሌሊት ለኔ» አሉ።

ወንዳወቅ ይህን አይቷል። «ዝም በል! ብታውቅ ትወስድብናለች» ብለውታል አባቱ። ዝም አለ። የአባት ቃል ነው። ደግሞም፣ አምባሩ በጮኸ ቁጥር የምትመጣው እሷ ናት።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አለች ትሕትና።

«እግዜር ይመስገን! በሬውን የት አሰሩት ይሆን እያልኩ ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ።»

ለካቻቸው። ምቱ ደህና፣ ትንፋሹ ደህና፣ ትኩሳት የለም። «ይሄ ዕቃ ሊያሳብደኝ ነው» አለች።

«ናፍቀሽው ይሆናላ፣ ሲስተር» አለ ወንዳወቅ።

«ማንን?»

«ዕቃውን ነዋ!»

ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘችው። ዓይኗ ግን አልያዘላትም።

ረፋዱ ላይ እንደገና ጮኸ። ቀትር ላይም ደገመው። በመጨረሻ ዶክተር ገነነ ራሱ መጣና አቶ ባምላኩ ቆሎ ሲቆረጥሙ አገኛቸው።

«ትሕትና፣ ጤነኛ ሰው ላይ የሚጮኽ ከሆነ ምን ይሠራልናል? ነገ ሁሉንም ፈትተን እንመልሳቸው» ብሎ ወጣ።

ትሕትና መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ወንዳወቅ ቀስ ብሎ ተጠጋት።

«እነዚህን አምባሮች ለምኜ ያስመጣሁት እኔ ነኝ» አለች ሳትዞር። «አንዲት አራስ ነበረች። ጠዋት ስቃልኝ ነበር፤ ማታ አጣናት። ደሟ እየተመረዘ እኔ ፈገግታዋን አያለሁ። ይሄ ዕቃ በፈገግታ አይታለልም ብዬ ነበር።»

ወንዳወቅ ወደ አቶ ዘሩ ዞር አለ። በዚያ የቀትር ሙቀት ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ጋቢው ላያቸው ላይ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል።

ቢናገር፣ ያ ጫማ ዳግመኛ ወደሱ አይፈጥንም። አባቱም ያፍራሉ። ባይናገርስ?

«ትሕትና» አለ። ሲስተር ማለቱን ረሳው። «አምባሩ አልዋሸም። ሲጮኽ አባዬ ክንድ ላይ አልነበረም፤ አባባ ዘሩ ክንድ ላይ ነበር። ይለዋወጡታል። አውቅ ነበር።»

አየችው። ያን አስተያየት ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ከዚያ ጫማዋ ተሰማ።

«አባባ ዘሩ፣ እንዴት ነዎት?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። ለጎረቤት የሚሰጡትን መልስ ለሐኪምም አይነፍጉም።

«ደህና አይደሉም!» ግንባራቸው እሳት፣ የእግራቸው ጣት በረዶ ነበር። «ዶክተር ገነነን ጥሩልኝ!»

ደም ተቀዳ፣ ግሉኮስ ተሰቀለ፣ መድኃኒቱ በደም ሥር ገባ፣ ያበጠው መዳፍ ተከፈተ። ዶክተር ገነነ ላቡን እየጠረገ፣ «ገና ሲጀምር ደረስንበት። ብንዘገይ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው» አለ። ከዚያ ትሕትናን አይቶ፣ «አምባሮቹ የትም አይሄዱም» ሲል ጨመረ።

አቶ ዘሩ ድነው ቆሎ እስኪያምራቸው ድረስ ትሕትና ወንዳወቅን አላናገረችውም። ትገባለች፣ አባቶቹን ትጠይቃለች፣ ትወጣለች። ለአቶ ዘሩ የራሳቸውን አምባር ስታስርላቸው ግን ሌባ ጣቷን ቀሰረች።

«መቀናጆ ለበሬ ነው! ሰምተዋል?»

«ሰምተናል፣ የኔ ልጅ። ቀንበሩን ፈተናል» አሉ አቶ ባምላኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ አቶ ዘሩ።

«የአቶ ደርበው። ከቡሬ።»

«ደርበው! እንዴታ፣ አውቀዋለሁ እንጂ!»

ያን ዕለት ከሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው ግራቪላ ሥር ወንዳወቅን አገኘችው።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ሲጮኽ ትመጫለሽ።» መሬት መሬቱን አየ። «ክፉ ነገር ነው የሠራሁት።»

የግራቪላው ቅጠል ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«ሳይጮኽስ ብመጣ?»

«ጆሮዬ ሥራ ይፈታላ» አለ፣ ፊቱ በርቶ።

«ጉድ! አንተ ደግሞ!» ሳቀች፤ ከዚያ ረጋ አለች። «አባቴ ግን ኮሪደር ላይ የተገኘ አማች አይቀበልም። ወግ ያለው ሽማግሌ ደጁ ካልቆመ ስምህንም አይሰማም።»

ከበላያቸው፣ በተከፈተው መስኮት፣ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አባቶቹ በሚወጡበት ጠዋት ወንዳወቅ አባቱን ወደ ጅጋ የሚወስድ መኪና ሊፈልግ ሄደ። ሲመለስ አልጋዎቹ ባዶ ናቸው። ወደ በሩ ሮጠ። አባቱ የታጠበ ጋቢያቸውን መስቀለኛ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እያነከሱ ባጃጅ ውስጥ እየገቡ ነው። መዳፋቸው በፋሻ የታሸገው አቶ ዘሩ ቀድመው ተቀምጠዋል።

«አባዬ! ወዴት ነው? ቤታችን እኮ በዚህ ነው!»

አቶ ባምላኩ ዞረው አላዩትም። አቶ ዘሩ በአቶ ባምላኩ ምርኩዝ ጫፍ ሾፌሩን ነካ አደረጉት። ባጃጁ ጋሪዎቹን አሳልፎ ወደ ቡሬ መንገድ ታጠፈ።

ከወንዳወቅ ኋላ፣ ምንም ሳይጮኽ፣ ያ ጫማ እየፈጠነ መጣና አጠገቡ ቆመ።