አስራ ሁለተኛው ቅርንጫፍ

ፎቶ አንሺው ጎህ ሲቀድ ከቤት የወጣው ተቆጥቶ ነው። ጫማውን ሲያስር ተቆጣ፤ አህያዋን ሲጭን ተቆጣ፤ የስቱዲዮው ቁልፍ አልዞር ሲለው ደግሞ በሩን በእርግጫ መታው።

«በሩ ምን አደረገህ?» አለችው ሴት ልጁ።

«ዝም በይ። ያን ቆርቆሮሽን ይዘሻል?»

ቆርቆሮ ያላት ትንሿን ዲጂታል ካሜራ ነው። ከሳሙና አትበልጥም፤ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ትገባለች። የገዛችለት ልጁ ናት። የስቱዲዮውን ማተሚያ የምታሠራውም እሷው ናት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝናብ ባቆመ ሳምንት ገደሉ አናት ላይ ወጥቶ ሸለቆውን ያነሳል። ፎቶው በአንድ ሜትር ስፋት ታትሞ ዓመቱን በስቱዲዮው መስኮት ይሰቀላል። አምና ግን ወገቡ ከዳው፤ መስኮቱም ባዶውን ከረመ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ነግሮታል። ትልቁ ካሜራ ከነሌንሶቹና ከነማቆሚያው አስራ አራት ኪሎ ይመዝናል። አህያዋ እስከ ገደሉ ሥር ታደርሰዋለች፤ የመጨረሻውን ቋጥኝ ግን ሸክሙ የሚወጣው በሰው ጀርባ ነው። ልጁ «እኔ ልሸከምልህ» ብትለው «ካሜራዬን ሌላ ሰው የተሸከመ ቀን እኔን ቅበሩኝ» አላት።

ስለዚህ ተዋዋሉ። ትንሿ ካሜራ አንድ ሜትር ሆኖ የሚታተም ፎቶ ካወጣች ትልቁ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። ካልቻለች በሚቀጥለው ሳምንት ትልቁን ተሸክሞ ይወጣል፤ ልጁም ትንፍሽ አትልም።

«የሚፈርደው ማን ነው?» አለችው።

«ቆጠራው።»

ቆጠራው የቤቱ ሕግ ነበር። ፎቶ አንሺው ከሚያነሳው አገር መካከል አንድ ነገር ይመርጣል፤ የአጥር እንጨት፣ የቤት መስኮት፣ የዛፍ ቅርንጫፍ። እዚያው ቆሞ በዓይኑ ይቆጥርና ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጽፎ ያጥፈዋል። አታሚው ደግሞ ደብተሩን ሳያይ ከታተመው ወረቀት ላይ ይቆጥራል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ፎቶው ይቀደዳል። ለካሜራው ጀርባ ስክሪን ደንታ የለውም። «እዚያ ላይ ሁሉም ነገር ያምራል» ይላል።

ረፋድ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ያለቀ የመሰለው ዝናብ በረዶ ይዞ ተመለሰ። በረዶው ድንጋዩን እየገረፈ ይነጥራል። አባትና ልጅ ከአህያዋ ጋር ወደ አንድ ዋሻ አፍ ተጣደፉና ተጠጉ። ልጅቱ ካሜራዋን በዳቦ ፕላስቲክ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«ትልቁ ቢሆን ይህ ዝናብ አይበግረውም ነበር» አለ።

«ትልቁ ቢሆን አንተ እዚህ አትደርስም ነበር።»

አህያዋን ገፈተራት።

ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። መሻገሪያው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ገመድ አለ፤ መንገደኛ ሁሉ የሚሻገረው እሱን ይዞ ነው። ዛሬ ገመዱ የለም። ማዶ ካለው ግንድ ላይ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል።

«ሰው ነው የጠቀለለው» አለ ፎቶ አንሺው። «ተሻግሮ፣ ከኋላው ሰው እንዳይመጣ ጠቀለለው!»

«እንመለስ አባዬ።»

«ማን? እኔ?»

የአህያዋን መጫኛ ጨብጦ ገባ። ውሃው ደረቱ ድረስ ወጣ። ልጅቱ ካሜራዋን አናቷ ላይ በሻሽ አስራ በሌላው ጎን መጫኛውን ያዘች። መሀል ሲደርሱ ጎርፍ ያመጣው ግንድ መጣና ወገቡን ጎሸመው። ጮኸ፤ ግን አልለቀቀም። አህያዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ እየጎተተች ማዶ አወጣቻቸው። ፎቶ አንሺው ድንጋይ ላይ ተዘርሮ እያቃሰተ የገመዱን ባለቤት እስከ ሰባት ትውልድ ረገመ። ከዚያ ተነስቶ፣ ሲመለሱ ጫፉን ወስደው ማዶ እንዲወጥሩት የገመዱን ጥቅልል ፈታው።

ከወንዙ በላይ መንገዱ አቀበት ነው። አቀበቱ እኩሌታ ላይ ከድንጋይ ግድግዳ ተጠግቶ የቆመ ትልቅ ደረቅ ዛፍ አለ። ከሥሩ ምንጭ ይፈልቃል፤ መንገዱም የሚያልፈው ከቅርንጫፎቹ ሥር ነው። አህያዋ ሃያ እርምጃ ሲቀራት ቀጥ አለች። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ አራት እግሯን መሬት ላይ ተከለች።

ጎተታት፤ ንቅንቅ አላለችም። በዱላ መታት፤ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ዛሬ ሁላችሁም ተማክራችሁብኛል!» ብሎ ጮኸ። «ወንዙም፣ ገመዱም፣ አህያዪቱም!»

«የሆነ ነገር አይታ ይሆናል እኮ።»

«ምን ታያለች? ስንፍናዋን?»

አህያዋ ግን አልሰማ አለች። በስተግራ ባለው እሾህ መሀል የፍየል መንገድ ነበር፤ ወደዚያ ራሷ ዞረች። አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። እሾሁ የፎቶ አንሺውን እጅጌ ቀደደ፣ ጆሮውን ቧጠጠ። በየእርምጃው አህያዋን እየሰደበ ወጣ።

ቋጥኙ ሥር አህያዋን አስረው በእጅ በእግራቸው ቧጠጡ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ለሠላሳ ዓመት የቆመባት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተይዛለች። ድንኳን ተተክሎባታል። ከድንኳኑ ፊት ትልቅ ካሜራ በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ቆሟል፤ ከጎኑ አንድ ቀብራራ ሰው እግሩን አንፈራጦ ተቀምጧል። ቀብራራው ስምንት ዓመት በፎቶ አንሺው ስቱዲዮ ውስጥ ሠርቶ፣ ከዚያ ፊት ለፊት የራሱን የከፈተ ሰው ነው።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ!»

«ገመዱን የጠቀለልከው አንተ ነህ?»

«ጎርፍ እንዳይወስደው ብዬ ነዋ።»

«እኛን ጎርፍ ይውሰደን?»

«ይመጣሉ ብዬ መቼ አሰብኩ! ወገባቸው አይሆንም ሲሉኝ ጊዜ...» ዓይኑ ልጅቱ እጅ ላይ አረፈ። «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? በሷ ነው ሸለቆ የሚያነሱት? ጋሼ፣ በኪስ ካሜራ ሸለቆ ያነሳ ሰው በሬን አይረግጥም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ብሏል። ፎቶ አንሺው በእነዚያው ቃላት ነው ያለው። ፊቱ ደም መሰለ። ማቆሚያውን በአንድ እርግጫ ገደል መስደድ ይችል ነበር፤ እግሩም ተነስቶ ነበር። ልጁ ክንዱን ያዘችው።

«ብርሃኑ እያለፈን ነው አባዬ።»

ዞሮ ሄደ። ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ ዝቅ ብሎ ወዳለ ጠባብ እርከን ወረደ። ቀብራራው ከላይ ያወራል። ጭጋጉ ጥርት እስኪል ሦስት ቀን ይቆያል፤ ተሸካሚዎቹን ወደ ከተማ ልኳቸዋል፤ ውሃ ከደረቁ ዛፍ ሥር ጠዋትና ማታ ይቀዳል። «እንደ ንጉሥ ነኝ» አለ።

ፎቶ አንሺው በባቄላ የተሞላች ከረጢት ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ካሜራዋን እላይዋ ላይ አደላደለ። አንድ የሙከራ ፎቶ አነሳና ስክሪኑን አየ።

«ይህን ቀን ሰማዩ ላይ ማን ጻፈው?»

በፎቶው ጥግ ብርቱካንማ ቁጥር ቁልጭ ብሏል።

«ራሷ ናት የምትጽፈው። አጠፋዋለሁ።»

«እግዜር ያላተመው ሰማይ ላይ ማኅተም ትመታለች! የምስሉ መጠንስ? ትልቁ ላይ ነው?»

«ትልቁ ላይ ነው።»

«ይሄ ዙም ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?»

«ከዚያ በላይ ሌንሱ አይደለም። የያዘችውን ነው የምትለጥጠው።»

«ታዲያ እንዳትነኪው።»

ፎቶው እንዳይሻክር የካሜራዋን የብርሃን ስሜት ዝቅተኛው ላይ አደረገ። በጣቱ እንዳያነቃንቃት ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ራሷ እንድታነሳ አዘዛት። ከዚያ በሸለቆው ወገብ የቆመውን ደረቅ ዛፍ መረጠ፤ ከዚህ ላይ ዛፉም ከጀርባው ያለው የድንጋይ መደብም ቁልቁል ይታያሉ። መነጽሩን ወለወለ። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ደብተሩ ላይ ጽፎ አጠፈው።

ሦስት ጊዜ አነሳ። ደመና ይመጣል፣ ይጠብቃል፤ ደመና ይሄዳል፣ ያነሳል። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ።

ሲመለሱ ወገቡ ነድዶ ነበርና በአጭሩ መንገድ፣ በዛፉ ሥር ሊወርድ ፈለገ። ካሜራዋን አህያዋ ላይ ካለው ከረጢት ከትተው ወረዱ። አህያዋ ዛፉን ገና ከሩቅ ስታይ አናፋች፤ ገመዱን ከእጁ መንጭቃ ወደ እሾሁ ነጎደች። ካሜራዋ ጀርባዋ ላይ ናት። አባትና ልጅ እየተሳደቡ፣ እየወደቁ፣ እየተነሱ ተከተሏት። ወንዙ ዳር ሲደርስባት በዱላ ደጋግሞ መታት። ልጅቱ ዱላውን ቀምታ ውሃው ውስጥ ወረወረችው።

«እኔንም ልትመታኝ ነው?» አለችው። የገመዱን ጫፍ ይዛ ቀድማ ተሻገረችና ማዶ ወጠረችው።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ ሞቀ። ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ፤ አንድ ሜትር። ፎቶ አንሺው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በአጉሊ መነጽር ተደፋበት። ጥጎቹን አየ፤ ቅጠሉ ተለውሷል። «አላልኩሽም?» ጥላ ያለበትን ቦታ አየ፤ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። «አላልኩሽም?» መሀሉን አየ፤ አጉሊ መነጽሩን አስቀመጠ። መሀሉ ንጹህ ነበር።

«ቁጠሪ።»

ልጁ ተደፍታ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«አስራ ሁለት።»

ደብተሩን ዘረጋ። *አስራ አንድ* ይላል።

«ዋሸች!» ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «የሌለ ቅርንጫፍ ፈጠረች! አንድ ቢጎድልም አንድ ቢበዛም ያው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ትልቁን እሸከማለሁ፤ አንቺም ትንፍሽ እንዳትዪ!»

ሊቀደው እጁን ሰነዘረ። ልጁ ወረቀቱ ላይ በሁለት ክንዷ ተኛችበት።

«ሦስት አይደል ያነሳኸው? ሦስቱም ሳይቆጠሩ አይፈረድም። ሕጉ ያንተ ነው።»

ሁለተኛው ወጣ። አስራ ሁለት። አስራ ሁለተኛው ቦታውን አልለቀቀም፤ ጫፉ ግን ወደ ሌላ ጎን ታጥፏል። ሦስተኛው ወጣ። አስራ አንድ።

ፎቶ አንሺው ሦስቱን ጎን ለጎን አደረጋቸው። ቅርንጫፍ በሩብ ሰዓት ጫፉን አያጥፍም። ተሰብሮም አይጠፋም፤ ንፋስ አልነበረም። የመጀመሪያውን ፎቶ በአጉሊ መነጽር እንደገና አየ። አስራ ሁለተኛዋ የጣት ጥፍር ታክላለች። የወጣችው ከግንዱ አይደለም፤ ከዛፉ በላይ ካለው የድንጋይ መደብ ተንጠልጥላ ነው የወረደችው። ጫፏ ጥቁር ነው። መደቡ ላይ ከድንጋዩ ጋር የተመሳሰለ ነገር ተጋድሟል፤ ሁለት ጆሮ አለው።

«ነብር ነው» አለች ልጁ በሹክሹክታ።

ፎቶ አንሺው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ዓይኑን በመዳፉ አሸው። ሁለት ጊዜ ነው የቆጠረው። በጣቱ እየተከተለ ነው የቆጠረው።

«ሦስተኛው ላይ የለም» አለ በመጨረሻ። «እኛ ልንወርድ ስንል ከመደቡ ወርዷል።»

«አህያዋ...»

«አውቃለሁ! አትንገሪኝ፣ አውቃለሁ!»

ብድግ አለ። ሦስቱን ወረቀቶች ጠቀለለ።

«ወዴት ነው?»

«ያ ጅል ማታም ጠዋትም እዚያ ውሃ ይቀዳል።»

«ገመዱን የጠቀለለብን ሰውዬ?»

«አዎ፣ እሱ! በአፉ ሲሰድበኝ እንዳልኖረ አሁን ነብር ይበላውና እኔ በማን ላይ እቆጣለሁ? ጫኚ!»

ጓሮ ገብቶ አህያዋ ፊት ቆመ። ጎኗ ላይ የዱላው ሰንበር ይታያል። ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ ዘረጋላት፤ ጀርባዋን ሰጠችው። ዳቦውን መሬት ላይ አስቀምጦላት ዘወር አለ። በላችው።

የዚያን ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ወንዙም ጎድሏል። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ፎቶ አንሺው የአህያዋን ገመድ አንገቷ ላይ ጠምጥሞ ለቀቃት። ፊት ፊት ሄደች፤ በእሾሁ መንገድ ወጣች። ጆሮው እንደገና ሲቧጠጥ አልተሳደበም። ወገቡ ሲያቆመው ልጁ ትከሻ ላይ ተደገፈ።

ቀብራራው ባዶ ጀሪካን ይዞ ቁልቁል ሊወርድ ሲል ቋጥኙ ሥር አገኙት።

«ቁም!» አለው ፎቶ አንሺው።

«ምነው ጋሼ? ገመዱን ደግሜ አልነካሁትም!»

«ተቀመጥና ቁጠር።»

ሦስቱን ወረቀቶች ድንጋይ ላይ ዘረጋለት። ቀብራራው ሳቀ፤ የሳቀለት ስለጠፋ ተቀመጠ። ስምንት ዓመት የሠራበት ሥራ ነውና ጣቱ ራሱ ሄደለት።

«አስራ ሁለት። አስራ ሁለት። አስራ...» ቆመ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ፎቶ አንሺው አጉሊ መነጽሩን ሰጠው። ቀብራራው ተደፋ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«ትናንት ማታ ስቀዳ ከላይ ጠጠር ወርዶብኝ ነበር» አለ። «ዝንጀሮ ነው ብዬ...»

«በዚያ መድፍህ ሸለቆውን ስንት ጊዜ አነሳኸው?»

«መቶ ጊዜ።»

«ቆጥረሃል?»

«አልቆጠርኩም።»

«ስምንት ዓመት ምን አስተማርኩህ!» ጩኸቱ ከማዶው ገደል ተመልሶ መጣ። «ሥራህ መሸከም ብቻ ነው?» አለና እዚያው ላይ አቆመ። የተናገረው ለማን እንደሆነ ራሱ የሰማው ያን ጊዜ ነው።

ቀብራራው ድንኳኑን ነቀለ። የእሱ ትልቅ ካሜራ በሁለት ዙር በጀርባው ወርዶ አህያዋ ላይ ተጫነ። ከዚያ ቀብራራው አጭሩን መንገድ አየ፤ እሾሁን አየ።

«በየት ነው የምንወርደው ጋሼ?»

«እሷን ጠይቃት።»

አህያዋ ቀድማ ነበር።

የሸለቆው ፎቶ በዚያው ሳምንት መስኮቱ ላይ ተሰቀለ፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው። ልጁ ትልቁን ካሜራ ሣጥኑ ውስጥ ስትከት ፎቶ አንሺው ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ፤ ግን አልከለከላትም። «ጥጎቹ አሁንም አይረቡም» አላት። «በሚቀጥለው ዓመት ሰፋ አድርጌ አንስቼ ጥጎቹን ቆርጬ እጥላለሁ።»

ከፎቶው ሥር ነጩ ጠርዝ ላይ እንደ ልማዱ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፈ፦ አስራ ሁለት። ደብተሩ ላይ ያለውን አስራ አንድ ግን አልሰረዘውም። ከጎኑ *ዓይኔ* ብሎ ጽፎበት ዘጋው።