ማሽን የገባው ካባ

አቶ ሳህሉ አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ ፒጃማቸው ንጹሕ፣ አንሶላቸውም ገና የተቀየረ ነበር። ኢንስፔክተር ሥርጉት ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ያለው ቤታቸው ስትገባ ግን የሳሙናና የትውከት ሽታ ተቀላቅሎ አቅለሸለሻት። ሐኪሙ የአይጥ መርዝ ጠርጥሯል፤ እሱን የበላ ሰው ደግሞ ክፉኛ ያስመልሰዋል። ትውከቱ የት ሄደ?

ሽታውን ተከትላ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ከፈተች። የሟቹን የሱፍ ካባ እርጥቡን ጎትታ አወጣችው። ሙቅ ውሃው አኮማትሮት ለሕፃን እንኳ አይበቃም፤ የወርቅ ጥልፉም ጠቁሯል። በማሽኑ በር ጎማ እጥፋት ውስጥ ያልተፈጨ ሾርባ ተለጥፏል።

ሾርባውን የሠራችው ነፃነት ናት፤ አቶ ሳህሉ ያሳደጓትና ቤታቸውን ሊያወርሷት ያሰቧት የእኅታቸው ልጅ። ሳህኑን የሟቹ ልጅ ወንድወሰን «እኔ ላጉርሳቸው» ብሎ ከእጇ እንደተቀበላት ተናግራለች። እሱ ካደ። አሁን ፖሊስ አጠገቧ ቆሞ ሊወስዳት ትእዛዝ ይጠብቃል። ከሁለቱ ሌላ እዚያ ያመሸው ፈረስ መጋላ ገበያ ላውንደሪ ያላቸው የሟቹ ወንድም አቶ ኒቆዲሞስ ብቻ ናቸው። ሦስቱም ሽማግሌው ከሠርግ ተመልሰው ካባቸውን እንደደረቡ አምሽተው በሰላም ተኙ ብለዋል።

ሥርጉት ካባውን ማግኘቷን ደበቀች። «የእናቴ ካባ ላይ ወጥ ፈሷል፣ ምን ይሻላል?» ብላ ሦስቱንም ለየብቻ አማከረች።

«ውሃ እንዳታስነኪው፤ ደረቅ እጥበት ነው» አሉ አቶ ኒቆዲሞስ።

«የአባባን ካባ በየጥምቀቱ አጎቴ ኒቆዲሞስ ጋ ነው የምወስደው» አለች ነፃነት እንባዋን እየጠረገች።

ወንድወሰን ከስልኩ ቀና አላለም። «ማሽን ውስጥ በሙቅ ውሃ ይክተቱት። ምን ችግር አለው?»

ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ ካባውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አፍንጫቸውን ያዙ።

«ገዳዩ አቶ ሳህሉ ያስመለሱበትን ይህን ካባ መጣል አይችልም፤ ቀብሩ ላይ የሬሳ ሣጥኑ ላይ ስለሚደረብ ዘመድ ሁሉ ይጠይቃል። ስለዚህ ማጽዳት ነበረበት። አቶ ኒቆዲሞስ ቢሆኑ ሱቃቸው ወስደው ማንም ሳያይ አጽድተው ይመልሱታል። ነፃነት ብትሆን የቆሸሸውን ቦታ ብቻ በእጇ ትጠርጋለች፤ ማሽን እንደሚያበላሸው ታውቃለች። ካባ በሙቅ ውሃ የሚቀቅል ለአባቱ ልብስ አንድ ቀን ተጨንቆ የማያውቅ ሰው ነው። ወንድወሰን፣ ቤቱን ለነፃነት ሊያወርሱ መሆኑን ሰምተህ ነው ያበላሃቸው።»

ወንድወሰን አልካደም። ካባውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየና ወደ አጎቱ ዞረ።

«አሁንስ እርስዎ ጋ ቢገባ አይስተካከልም?»

ሥርጉት ካባውን ከጣቶቹ ቀምታ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። በእጇ ብቻ ምልክት ሰጠች። ፖሊሱ ነፃነትን ትቶ ካቴናውን ለወንድወሰን አወጣ።