ኪሴ ውስጥ የጋለው ብረት

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም... ደም የነካው ሸሚዜ ባይኖር እኔም ራሴን አላምነውም ነበር። ግን ሆኗል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐዩ ፍንትው ብሏል። ክፉ ነገር ጨለማ ይጠብቃል ያላችሁ ካለ ዋሽቷችኋል።

ሥራዬ የቆዩ ጠመንጃዎችን አይቶ ዋጋ መተመን ነው። ያስተማረኝ አጎቴ ነው። ባለፈው ወር "አንድ ቤት ደርሼ ልምጣ" ብሎ ወጣ... ወጣ በቃ።

ያን ቀን አንድ ሰውዬ የአያቱን የአደን ጠመንጃ እንድተምንለት ቤቱ ጠራኝ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። ከንፈሯ አብጧል።

ጠመንጃዋ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማለች።

አጎቴ "መጀመሪያ ጥርሷን ንቀል!" ይለኝ ነበር። ጥርስ የሚለው ጥይቱን የሚመታውን የኋላ ብረት ነው። ያለ እሱ ጠመንጃ አትተኩስም። ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።

ሰውዬው አይቶኝ... ፈገግ አለ።

"ከአያቴ ወዲህ አልተተኮሰባትም።"

አፈሙዟን አሸተትኩ። ባሩድ... ትኩስ ባሩድ።

"እህሳ፣ ጥሩ ናት?"

"ጥ... ጥሩ ናት።"

"ጥይቶቿን ላምጣልህ" ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ሚስቱ ጆሮዬ ሥር ደረሰች።

"ጥሩ ናት አልከው?"

"አዎ።"

"ወይኔ ወንድሜን... አትረባም ብትለው ይለቅህ ነበር እኮ።"

በዓይኗ መደርደሪያውን ጠቆመችኝ። ማጉያ መነጽሮች ተደርድረዋል... የእኛ ሙያ ሰዎች የሚይዟቸው። የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር አለ።

ያን ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለአጎቴ።

"ምን እያልሽው ነው?"

ሰውዬው ነው፤ ጥይቶቹን ይዞ ከጓዳ ወጥቷል። ጠመንጃዋን መነተፈና በሰደፏ የሚስቱን ትከሻ አላት። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ ጥይት አጎረሰና ወደ እኔ አነጣጠረ።

"ጥሩ ከሆነች እንሞክራታ!"

እውነቱን ልናገር... ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ጥርሷ ያለው ኪሴ ውስጥ! ምን ታመጣለች?

"ሩጥ!" ብላ ሴትዮዋ መሃላችን ገባች።

ቃታውን ሳበ።

ጓ!

ኪሴ ውስጥ ያለው ብረት ጭኔን ጠበሰኝ። ሴትዮዋ ደረቷን ይዛ እላዬ ላይ ወደቀች። የደሟ ሙቀት እስካሁን ይሰማኛል። አንድም ቀን አታውቀኝም... በእኔ ፈንታ ሞተች። እሱ ሌላ ጥይት ሲያጎርስ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ፖሊስ ሲደርስ ሬሳዋ ብቻ ነበር። ሰውዬውም ጠመንጃዋም የሉም። መነጽሮቹም የሉም።

መርማሪው ብረቱን አገላብጦ አየው። "ይሄ አንተ ጋ ከነበረ በምን ተኮሰ?" አለኝ። ብረቱንም ወስዶ ጣቢያ ቆለፈበት።

ይኸው ሱቄ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ...

ጭኔን አቃጠለኝ።

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ብረቱ እዚያው ነው። ግሏል።

ቀና አልኩ።

ከመስታወቱ ውጭ አንድ ሰው ቆሟል። ፊቱን መለየት አልቻልኩም። ቀይ ክር የታሰረበትን ማጉያ ዓይኑ ላይ ደቅኖ...

እኔን እየተመነ ነው።